ተምራ ተምራ እግር አጣቢ ሆነች?



ባለፈው ወር በአንደኛው እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለን አንዲት እህት ስልኳን በእጇ ይዛ ወደ ጠረጴዛችን መጣች። ሲን ኤል ፊል ውስጥ ቤት ሳትቀይር አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ናት። ስሟን አንጽፍም፤ ነገሯ ግን የብዙዎቻችሁ ነገር ስለሆነ እንድናወጣው ፈቅዳልናለች። ፊቷ ጠቁሮ ስናይ ሰው የሞተባት መስሎን ደንግጠን ተነሣን።

«ኧረ ሰው አልሞተም» አለች፤ «ልፋቴ ነው የሞተው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቷን ከስምንተኛ ክፍል ጀምራ ያስተማረቻት እርሷ ናት። ልጅቷ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ በነርስነት ተመረቀች። የምረቃዋ ፎቶ ታላቅየዋ በምትተኛባት ጠባብ ክፍል፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን በላይ ተለጥፏል። ከዚያም ምሥራቅ ጎጃም አንድ ጤና ጣቢያ ተመደበች። እዚያ በዝሆኔ በሽታ እግራቸው ያበጠባቸውን ሰዎች እንድታክም አጭር ሥልጠና ተሰጣትና ሥራ ጀመረች። አሁን የላከችው ፎቶ ጓንት አጥልቃ፣ ዝቅ ብላ፣ በሳፋ ውስጥ የአንድ አዛውንት እግር ስታጥብ የተነሣችው ነው። እየሳቀች ነው የተነሣችው።

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ወለል ያጠብኩት እርሷ የሰው እግር እንድታጥብ ነው? ተምራ ተምራ እግር አጣቢ ሆነች! ወይ እዚህ ላስመጣት፣ ወይ ዱባይ ትሂድ፤ እስቲ ምከሩኝ» አለችን።

እውነቱን ለመናገር እኛም ፎቶውን መጀመሪያ ስናይ ከእርሷ ብዙ የተለየ ነገር አልተሰማንም። ዲግሪ ሲባል ነጭ ጋዋንና ወንበር ይታየናል እንጂ ሳፋ አይታየንም። ነገር ግን ለሰው ሕይወት ምክር ከመስጠት በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባል ብለን፣ ከመካከላችን ነርስ የሆነችውን እህት ይዘን ጠየቅን፣ አነበብን፣ ልጅቷንም ራሷን በስልክ አነጋገርናት። ያገኘነው ካሰብነው በላይ ሰፊ ሆነብን። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዝሆኔ እንናገር። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ ወይም ከወለጋ የመጣችሁ እህቶች በመንደራችሁ ቢያንስ አንድ ሰው ታስታውሱ ይሆናል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ያበጠ፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ፣ በገበያ ቀን ከሰው ርቆ የሚቀመጥ። እርግማን ነው ሲሉ ሰምተናል፤ የሞተ እባብ ረግጦ ነው ሲሉም ሰምተናል። ሁለቱም አይደለም። ኤርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ በአገራችን ውስጥ ይህን በሽታ ሲያጠና፣ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑን አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ብዙ ዝናብ የሚዘንብበት ደጋና ወይና ደጋ፣ በዚያ ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው፤ ሦስቱ ሲገናኙ በጣም የደቀቀው የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ ውስጥ ይገባና ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላቸዋል። ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ እግር ያብጣል። ፕራይስ «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰየመው። ከግሪክ የተወሰደ ቃል ሲሆን የእግርና የአቧራ ነገር ማለት ነው።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ሁለት ጊዜ ብንጽፈው ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ሰዎቹን ከበሽታው ይልቅ የጎዳቸው የሰው ሽሽት ነው። ከሰርግ ይቀራሉ፤ ልጆቻቸው እንኳ ባልና ሚስት ያጣሉ። አንዱ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚታመመው ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 መልስ አግኝተዋል። ሰውነታቸው ለዚህ አፈር በተፈጥሮው ይበልጥ የሚቆጣ ቤተሰቦች መኖራቸውን በዘር ጥናት አሳይተዋል። እንግዲህ ዝምድና አለው፤ ተላላፊነት ግን የለውም። በ2013 ደግሞ ከበደ ደሪቤ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ ምሁር የመራው ቡድን በአገሪቱ በሽታው የት የት እንዳለ ካርታ አወጣ። ከዚያ በመነሣት በኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይህ እብጠት እንዳለበት ተገምቷል። ከሊባኖስ ሕዝብ ሩቡን ያህላል ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመን ግን ይህ ነው። ይኸው በሽታ በስኮትላንድ፣ በፈረንሳይና በሰሜን አፍሪካ አገሮችም ነበረ። የጠፋው በጫማ ነው። ክትባት አልተገኘለትም፣ ልዩ መድኃኒት አልተሠራለትም፤ ገበሬው ጫማ ማድረግ ሲጀምር ጠፋ።

አንዴ የታመመውስ? ልጅቷ ሥራዋን ስትነግረን እንዲህ አለች፦ «ጠዋት ሰዎቹ ሲመጡ እግራቸውን በሳሙናና በውሃ አጥባለሁ፤ አንዳንዱ እግሩ በሌላ ሰው እጅ ከተነካ ዓመታት አልፈውታል። ከዚያ ተለክቶ በጣም በቀጠነ ፀረ ተዋስያን ውሃ ይነከራል፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ይደርቃል፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባል፣ ካበጠው ከታች ወደ ላይ በፋሻ ይጠቀለላል። በመጨረሻ ካልሲና ጫማ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምንም አይጠቅምም። እኔ የማጥበው ሰውዬው እቤቱ ራሱን እንዲያጥብ ለማስተማር ነው።»

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ለእኛ ነገሩን ሁሉ ገለበጠችው። እግር አጣቢ ሳትሆን አስተማሪ ናት። ሳፋው ጥቁር ሰሌዳዋ ነው።

ይሠራል ወይ ካላችሁ፣ ይሠራል። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ ጥናት ተደርጎ በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ ይህን ሕክምና ወዲያው ጀመሩ፣ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በኋላ። ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለው፣ እግር እንደ እሳት የሚያቃጥለውና የሚያንቀጠቅጠው ድንገተኛ ሕመም ቀድመው በጀመሩት ላይ ቀነሰ። አላጠፋውም፤ ቀነሰው። በእርሻ ወቅት ጥቂት ቀን እንኳ ከአልጋ መዳን ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። ቀደም ብሎ ደግሞ በወላይታ ሶዶ ዶክተር ናታን ባርሎ የሚባሉ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ በጀመሩት ሥራ፣ የተሻላቸው ሕሙማን ራሳቸው ሠልጥነው እግር ተንከባካቢና ጫማ ሰፊ ሆነዋል። ያበጠ እግር ከሱቅ ጫማ አይገባለትም፤ እየተለካ መሰፋት አለበት።

እህታችን ይህን ሁሉ ሰምታ «እሺ፣ መልካም ሥራ ነው፤ ጽድቅም ይሆናል» አለች። «ግን ነገስ? ዕድሜዋን ሁሉ እዚያ ሳፋ ላይ ልትቀር ነው?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የከፈለ ሰው ነገን የመጠየቅ መብት አለው።

በውጭው ዓለም የእግር ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ፖዳያትሪ ይባላል። በእንግሊዝ ሦስት ዓመት፣ በስኮትላንድ አራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። በአሜሪካ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ይማሩና ሦስት ዓመት በሆስፒታል ይለማመዳሉ። በአፍሪካ የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ለአራት ዓመት ያስተምረዋል። የተመረቀው ሰው አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። አንዱ የስኳር ሕሙማንን እግር ያያል፤ ሌላው የሯጮችን፤ ሌላው ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር በቀዶ ጥገና ያወጣል፤ ሌላው የጫማ ውስጥ ድጋፍ ይሠራል፤ ሌላው ያስተምራል። በሳምንት ውስጥ ሦስቱን የሚያፈራርቅም አለ። (እዚህ ቤይሩት «ፔዲኪዩር» የምንለው የሳሎን ሥራ ሌላ ነው፤ እርሱ ጥፍር ያሳምራል። ስኳር ያለባችሁ እህቶች ከሳሎን ምላጭ ተጠንቀቁ።)

በአገራችን ይህ ሥራ በአንድ ስም ተጠቅልሎ አልተቀመጠም። በነርሱ፣ በፊዚዮቴራፒስቱ፣ በቆዳ ሐኪሙ፣ በአጥንት ሐኪሙና በጫማ ሠሪው መካከል ተከፋፍሏል። ይህ ችግር ይመስላል፤ ለአንዲት ወጣት ነርስ ግን ብዙ በር ነው።

አንደኛውን በር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1965 የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳም፣ ከሐረር አጠገብ ያለው ቢሲዲሞም በዚሁ የታወቁ ናቸው። የሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም፤ ስሜትን ነው የሚያጠፋው። ሰውዬው ጠጠር ረግጦ አይሰማውም፣ ቆስሎ ይራመድበታል፣ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ይህን በደንብ ያስረዳው ዶክተር ፖል ብራንድ ነው። በደቡብ ሕንድ ቬሎር በሚባል ከተማ የሕሙማኑን እግር ለዓመታት እያየ፣ ሥጋውን የሚበላው ሕመሙ ራሱ ሳይሆን ሕመም አለመሰማቱ መሆኑን አስተማረ። ለስላሳ የውስጥ ሶል ያለው ጫማ፣ በየቀኑ እግርን መመርመር፣ ቁስሉን በጀሶ አሽጎ ማሳረፍ፤ ይህ ሁሉ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ዛሬ በመላው ዓለም ለስኳር ሕሙማን እግር ያገለግላል። ስኳርም የእግርን ስሜት ያጠፋልና። አንዲት ቀጭን የናይሎን ክር አለች፤ እግር ላይ ተጭና ስትጎብጥ የ10 ግራም ክብደት ታሳርፋለች። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ክሯ ስትነካው ተሰማኝ ካላለ እግሩ አደጋ ላይ ነው። ይህቺን ክር የምትይዝ ነርስ በከተማው የስኳር ክሊኒክ ሁሉ ታስፈልጋለች፤ በከተሞቻችን ደግሞ ስኳር እየበዛ ነው።

ሁለተኛው በር ሕፃናት ናቸው። ከ800 እስከ 1,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ቆልማማ ሆኖ ይወለዳል። ዱሮ ወይ ይተዋል ወይ በትልቅ ቀዶ ጥገና ይሞከራል። ኢግናስዮ ፖንሴቲ የሚባል ስፔን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሐኪም ያስተማረው ዘዴ ግን እግሩን በየሳምንቱ በጥቂቱ እያቃኑ በጀሶ መጠቅለል ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ይጠቀለላል፤ በመጨረሻ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በትንሹ ይበጣል፤ ከዚያ ልጁ መጀመሪያ ሌት ተቀን፣ ኋላም አራት ዓመት እስኪሆነው ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማ ያደርጋል። በአዲስ አበባ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከ2008 ጀምሮ ይሠራበታል። ጀሶውን ለመጠቅለል የግድ ቀዶ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ነርስ ይበቃል።

ሌሎቹን በሮች አናበዛቸውም። የሰው ሠራሽ እግርና የድጋፍ ጫማ ሥራ አለ፤ የቁስል እንክብካቤ አለ። ምርምርም አለ። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ስማቸው በዓለም የታወቀው በዚሁ በተናቀ እግር ምክንያት ነው። ያስተማሯቸው እንግሊዛዊት ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ነው ይህን በሽታ ያገኙት፤ ከዚያ በኋላ የሕይወታቸው ሥራ ሆነ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ አንሸፋፍንም። የጤና ጣቢያ ነርስ ደመወዝ ትንሽ ነው። ታላቅየዋ እዚህ በዶላር የምትቀበለውን በብር ስታሰላው የእህቷን ደመወዝ ይበልጣል፤ ለዚህ ነው «ላስመጣት» ያለችው። እኛ ግን አልተስማማንም፤ በግልጽም ነገርናት። ነርሷ እዚህ ስትመጣ ነርስ ሆና አይደለም የምትገባው። ወረቀቷ ላይ የሚጻፈው የቤት ሠራተኛ ነው፤ መኖሪያ ፈቃዷ በአንድ አሠሪ ስም ይታሰራል፤ በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግም በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ሦስት ዓመት ዲግሪዋን ሳትሠራበት ከቆየች ደግሞ እጇ ይረሳዋል። ወደ ውጭ መሄድ ከፈለገች እዚያው ሁለት ሦስት ዓመት ሠርታ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን አስጽፋ፣ እንግሊዝኛዋን አጠንክራ፣ በነርስነቷ የምትሄድበትን መንገድ ትፈልግ። በሳፋው ላይ ያሳለፈችው ጊዜ ያን ጊዜ ማስረጃ ይሆናታል።

እህታችን ዝም አለች። አልተቆጣችም፤ ግን አላመነችንም። ነገሩን የለወጠው የእኛ ምክር አልነበረም።

በሳምንቱ ታናሽየዋ በድምፅ መልእክት «እታለም፣ የእግርሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አለቻት። ታላቅየዋ ሁለት ቀን አፈረች። በሦስተኛው ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ አንሥታ ላከች። ፎቶውን እኛም አይተነዋል። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ጣቶቹ መካከል ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። እህቶቻችን፣ ይህ የማን እግር ነው? የእናንተ ነው። በረንዳ ስታጥቡ በባዶ እግር ወይም በቀዳዳ ሻሓጣ፣ ክሎሮክስ ባለበት ውሃ ውስጥ ቆማችሁ፣ ክረምት ከበጋ በሸክላ ንጣፍ ላይ።

የልጅቷ መልስ አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ ነበር። በሁለቱም ፈቃድ ከእርሱ የሚጠቅማችሁን እንጽፋለን። በኬሚካል ውሃ ውስጥ በባዶ እግር አትቁሙ፤ ሽፍን የጎማ ጫማ የአሠሪ ግዴታ እንደሆነ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ዋጋው ጥቂት ነው። ክሎሮክስን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል። ማታ እግራችሁን ታጥባችሁ ጣቶች መካከል አድርቁ፤ ተረከዙን ብቻ ቫዝሊን ቀብታችሁ የጥጥ ካልሲ አድርጋችሁ ተኙ። የተሰነጠቀውን በምላጭ አትፋቁ። ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ጥግ ጥጉን አትቆፍሩ። ከመተኛታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ እግራችሁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉ። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ባቱ ከሞቀና ካመመ ግን ቫዝሊን አይደለም ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ በዚያው ቀን፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና። ስኳር ያለባችሁ በየማታው ውስጥ እግራችሁን በመስታወት እዩ፣ ሶባ አጠገብ እግራችሁን አታሙቁ፤ ሳይሰማችሁ ትቃጠላላችሁ።

እኛ አንድ ነገር እንጨምር። በ2009 የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ በሌሊት ቢያንስ የስምንት ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንደሚሰጥ ይናገራል። እግርም የሚድነው በዚሁ ሰዓት ነው።

ልጅቷ ሌላም ጠይቃናለች፤ መጻፉ ይከብደናል፤ ግን እንጽፈዋለን። «ከሊባኖስ የተመለሱ ሴቶች ተረከዛቸው ተሰብሮ ይመጣሉ፤ ለምንድን ነው?» አለችን። ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ከበረንዳ የወረደ ሰው በእግሩ ያርፋል፤ የተረከዝ አጥንት እንደ እንቁላል ይደቅቃል፤ ብዙ ጊዜም ወገብ አብሮ ይጎዳል። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2008 ባወጣው ዘገባ ከጥር 2007 ወዲህ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች በሊባኖስ ሞተዋል፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፤ 40ው ራስን ማጥፋት ተብሎ ተመዝግቧል። በሕይወት የተረፉትን ግን ማን ቆጠራቸው? ተረከዝዋ የተሰበረባት እህት አገሯ ስትገባ መቆም የሚያስችላት የውስጥ ድጋፍ የሚሠራላት፣ እርምጃ የሚያስተምራት ሰው ትፈልጋለች። ያ ሰው የእግር ሙያተኛ ነው። በሩ ተዘግቶባችሁ ልባችሁ ወደ በረንዳው ካየ፣ እባካችሁ አትዝለሉ፤ በስልክ፣ በጎረቤት፣ በበር ጠባቂው በኩል ለሰው ድምፅ አሰሙ።

ባለፈው እሑድ እህታችን ተመልሳ መጣች። ተረከዟ ደህና እየሆነ ነው፤ ጥፍሩን ዶራ አጠገብ አንድ ሐኪም አይቶላታል። ስለ ዱባይ አላነሣችም። ይልቅ የጠየቀችን ሌላ ነበር። ታናሽየዋ ጤና ጣቢያው ላይ ሳሙናም ፋሻም ይገኛል፣ ለእነዚያ እግሮች የሚሆን ሰፊ የጥጥ ካልሲ ግን ይቸግራል ብላታለች። እርሷም ቡርጅ ሐሙድ ወርዳ ከሱቅ ሱቅ ዞራለች። ከመጨረሻው ሱቅ ያገኘችው ሃያ ሁለት ጥንድ ነው፤ ሁሉም የወንድ፣ ሁሉም ትልቅ ቁጥር። ባለሱቁ «ባልሽ ስንት እግር አለው?» ብሎ ሳቀባት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከእኛ ጋር ቆጠረችው፤ በሚመጣው ሳምንት አገር የሚገባ፣ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ኪሎ የሚተርፈው ሰው ካላችሁ ንገሩን።